በሃይላንድ የመጣው እንግዳ

በዚህ ወር ሩቅ አገር አልወስዳችሁም። የምንሄደው አቃቂ ቃሊቲ ወደሚገኘው ገላን ኮንዶሚኒየም ነው። ሰፈሩ የእኔም መኖሪያ ነው።

ባለፈው ጥቅምት የቅዳሜ ተማሪዎቼን ይዤ ከሰፈራችን ብዙም ወደማይርቀው የአባ ሳሙኤል ግድብ ሄጄ ነበር። የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የተተከለበት ስለሆነ ልጆቹ እንዲያዩት ፈልጌ ነው። ሆኖም ዓይናቸውን የሳበው ግድቡ ሳይሆን በውሃው ላይ የተነጠፈው አረንጓዴ ምንጣፍና በላዩ የፈካው ሐምራዊ አበባ ሆነ። «ሱብሓነላህ!» አሉ። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ አንዱን ከነሥሩ ነቅላ፣ በተቆረጠ ሃይላንድ ውሃ ሞልታ ይዛው ስትመለስ አየሁ፤ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእኔ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ በሬን አንኳኳች። «ኡስታዝ፣ አበባው በዛብኝ፤ ባልዲው ሞላ። ታች ወንዙ ውስጥ ልጨምረው?» አለችኝ። የነቃሁት ያን ጊዜ ነው። አበባው እምቦጭ ነበር።

የእምቦጭ የትውልድ ስፍራ ደቡብ አሜሪካ ነው። ሰው አበባውን ወድዶ ከአገር አገር አዞረው። በአገራችን በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፣ በጣና ሐይቅ ደግሞ በ2011 ታወቀ። ከውሃው ብርሃንና አየር ይከለክላል፤ ዓሣውን ያፍናል፤ የጀልባውን መንገድ ይዘጋል። የጣና ዳር ገበሬዎች ወገባቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ሲነቅሉት ኖረዋል። ዘሩ ግን ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ይቆያል።

ልጅቷን ደረጃው ላይ አስቀመጥኳት፤ ጓደኞቿም ተሰበሰቡ። በዋናው መንገድ ከጅቡቲ የሚመጡት ከባድ መኪኖች ድምፅ ይሰማል። «እንግዳ በሃይላንድ ብቻ ሳይሆን በመርከብም ይጓዛል» አልኳቸው።

ስንዴ ወይም ማዳበሪያ ጭኖ ጅቡቲ የገባ መርከብ ጭነቱን ሲያራግፍ ይቀልላል። ሲመለስ ማዕበል እንዳያንገላታው በሆዱ ባሉት ጋኖች የባሕር ውሃ ይሞላል፤ ሌላ ወደብ ደርሶ ሲጭን ያንኑ ውሃ ይደፋዋል። በውሃው ውስጥ ግን የሸርጣን፣ የዛጎልና የሌሎች የጀርባ አጥንት የሌላቸው ፍጥረታት ጥቃቅን እጮች ሊኖሩ ይችላሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንዲት ዝልግልግ ፍጥረት በዚህ ዓይነት ከአሜሪካ ጠረፍ ጥቁር ባሕር ገባች። የትንንሽ ዓሦችን ምግብ፣ እንቁላላቸውንም ጭምር በላች። ልክ ያጣ ዓሣ ማጥመድም ታክሎበት፣ አሥር ዓመት ሳይሞላ የዓሣ አጥማጆቹ መረብ ባዶውን ይወጣ ጀመር።

ሰው በገዛ እጁ የከፈተው በርም አለ። የስዊዝ ቦይ እ.ኤ.አ. በ1869 ቀይ ባሕርንና ሜዲትራኒያንን አገናኘ። በመጀመሪያ ሁለት አጥሮች ነበሩ። አንዱ በቦዩ መካከል ያሉት እጅግ ጨዋማ ሐይቆች ናቸው፤ ጨዋቸው ከዘመን ብዛት እየሳሳ ሄደ። ሁለተኛው፣ የሚገርመው፣ በየክረምቱ ከደጋችን ተነሥቶ ሜዲትራኒያን የሚገባው የዓባይ ጎርፍ ነበር፤ ጨው የሌለው ውሃ የቀይ ባሕሩን ፍጥረት ያግደዋልና። የአስዋን ታላቁ ግድብ ከተሠራ በኋላ እርሱም ቀረ። በ1970ዎቹ ተናዳፊ ጄሊፊሽ በቦዩ አልፎ ሜዲትራኒያን ውስጥ ታየ። ዛሬ በበጋ በመንጋ እየመጣ ዋናተኛውን ይለበልባል፤ መረብ ይሞላል፤ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎችን የውሃ መሳቢያ ይደፍናል።

መንግሥታት መርከቦች የሚደፉትን ውሃ አስቀድመው እንዲያጸዱ የሚያስገድድ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2004 ተቀበሉ፤ ሥራ ላይ የዋለው በ2017 ነው። እስከዚያ የገባው ግን አልወጣም።

ልጅቷ አቀርቅራ ቆየችና «ታዲያ አበባው ምን አጠፋ? የፈጠረው አላህ አይደል?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። አበባው በተፈጠረበት ስፍራ ምንም አላጠፋም፤ እዚያ እየበሉ ልክ የሚያሲዙት ነፍሳት አሉ። ሱረቱ ሩም በየብስና በባሕር ስለሚታየው ብልሽት ስትናገር የምታነሣው የሰውን እጅ ሥራ ነው። ያን ቀን አባ ሳሙኤል ላይ ዝም ያለው እጅ ደግሞ የእኔ ነበር፤ ይህንኑ ነገርኳት።

አንድ ላይ ወርደን እምቦጩን ሲሚንቶ ላይ ለፀሐይ አሰጣነው፤ ውሃውን ከቦዩ ራቅ አድርገን ደረቅ አፈር ላይ ደፋነው። ሲደርቅ አቃጠልነው። የአቃቂ ውሃ ወደ አዋሽ፣ አዋሽም ወደ አፋር ነው፤ ባሕር አይደርስም። ቢሆንም ከታች የሚጠጣው ሰውና ከብት አለ።

ወላጆች ሆይ! ልጆቻችሁ ከአንዱ ውሃ ያነሡትን ተክልም ሆነ ቀንድ አውጣ ወደ ሌላው እንዳይጨምሩ ምክንያቱን ጭምር ንገሯቸው። መከልከል ብቻውን አይበቃም። እኔም ባልዲውን ባዶውን አልመለስኩላትም፤ አፈር ሞልተን ዳማከሴ ተከልንበት።