ከማይሶር ሶምናትፑር፣ ከሰኞ ገበያ ሐይቅ

ከሕንዷ ማይሶር ከተማ በባኑር በኩል ሶምናትፑር ለመድረስ በሞተር ሳይክል አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከደሴ ሰኞ ገበያ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም እንደዚያው ነው፤ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሁለቱ ቦታዎች በዕድሜም እኩዮች ናቸው። የሶምናትፑር የኬሻቫ ቤተ መቅደስ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1258 ሲሆን፣ አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው ሐይቅ ላይ ገዳማዊ ሕይወትን ያቋቋሙት ከዚያ ዐሥር ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1248 አካባቢ ነው። ለትምህርት ማይሶር የምኖር የደሴ ልጅ ነኝና ሁለቱንም ብቻዬን በሞተር ሄጄ አይቻቸዋለሁ። ሞተሮቹም ያው ቲቪኤስ ናቸው፤ ፋብሪካው ማይሶር ዳር አለ፣ ደሴም በዚሁ ሞተር ተሞልታለች።

እዚህ ማይሶር እሑድ ጠዋት ሞተር አስነስቶ ጥንታዊ ቤተ መቅደስ ለማየት መውጣት የተለመደ ነው። ተማሪው ይወጣል፣ ጡረተኛው ይወጣል፤ ስለት የለባቸውም፣ የንግሥ ቀንም አይጠብቁም። መንገዱ በሸንኮራ አገዳና በሩዝ ማሳ መሐል ያልፋል። ባኑር ላይ ወርዶ ወተት የበዛበት ቡና ጠጥቶ መቀጠል ነው። ወዴት ትሄዳለህ ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም።

ሶምናትፑር ሲደርሱ ትኬት ይቆረጣል፣ ጫማ ይወለቃል። ቤተ መቅደሱን ያሠራው የሆይሳላ ሥርወ መንግሥት ንጉሥ የሦስተኛው ናራሲምሃ የጦር አዛዥ የነበረው ሶማናታ ነው። ድንጋዩ ሲቆፈር ለስላሳ የሆነ፣ አየር ሲያገኘው የሚጠነክር ዓይነት ስለሆነ ጠራቢዎቹ ጌጥ ሳያርፍበት የቀረ ስንዝር አልተዉም። ከታች የዝሆን ረድፍ፣ ከሱ በላይ ፈረሰኞች፣ ከፍ ሲል የራማያናና የማሃባራታ ታሪክ በተከታታይ ተቀርጿል። ቤተ መቅደሱን በቀኝ እያደረጉ መዞር የአገሩ ሥርዓት ነው፤ በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዑደት ላደገ ሰው መዞሩ ራሱ እንግዳ አይደለም። እኔን ያስገረመኝ ግን ጠራቢዎቹ ስማቸውን መቅረጻቸው ነው። ማሊታማ የሚባለው ባለሙያ ብዙ ምስሎች ሥር ፈርሟል። ከ750 ዓመት በኋላ የሠራውን ሰው በስሙ እናመሰግነዋለን።

የማይገኘው ጸሎት ነው። ምስሎቹ በጥንት ዘመን ስለተሰባበሩ መደበኛው አምልኮ ቀርቷል፤ የኬሻቫ ዋና ምስል ራሱ ጠፍቶ ዛሬ ያለው ምትክ ነው። ቦታውን የሚጠብቀው የመንግሥት የአርኪዮሎጂ መሥሪያ ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ከቤሉርና ከሃሌቢዱ ጋር በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። ሣሩ የታጨደ ነው፣ ሰሌዳው ሁሉን ያስረዳል፣ ሁሉም ይታያል።

ደሴ ላይ ገና ሞተሩን ሳላስነሳ «ብቻህን?» ተባልኩ። እናቴ አለች፣ ጎረቤት አለ፣ ሰኞ ገበያ ላይ ነዳጅ የሚቀዳው ልጅም አለ። ሁለተኛው ጥያቄ «መንገዱ ሰላም ነው?» የሚል ነው። ማይሶር ላይ የማየው የዝናቡን ትንበያ ብቻ ነበር፤ አገሬ ላይ ግን ከወዲያ የመጣ ሹፌር ሳይጠይቁ አይወጣም፤ መጠየቁም ልክ ነው። ከገበያው መውጫ ላይ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉ። «የኔ ጌታ፣ ወደ ቦሩ ሜዳ ነህ?» አሉኝ። አፈናጠጥኳቸው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ የጠሩበት ሜዳ ላይ ሲወርዱ፣ ገዳም እንደምሄድ ነግሬያቸው ስለነበር፣ «አላህ መንገድህን ያቅናልህ» ብለው መረቁኝ። ወሎ ውስጥ ብቻውን የሚሄድ መንገደኛ እስከ መጨረሻው ብቻውን አይሆንም።

ገዳሙ በር ላይ ቀድሞ የገጠመኝ ትኬት የሚጠይቅ ሰው አይደለም። አንድ አባት «ከየት መጣህ ልጄ?» አሉ፤ ቀጥለው የክርስትና ስሜን ጠየቁኝ። እንግዳው ለማየት ብቻ እንደመጣ አይታሰብም። ቅዳሴው፣ ትምህርቱ፣ ሥርዓቱ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ጀምሮ የመጣ ነው፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩት እዚሁ ነው። ይህን ሶምናትፑር በምንም ገንዘብ አያገኘውም።

ግን ሁሉም ሰው አይገባም። ገዳሙ የወንዶች ነው፤ እህቴ ከውጭ ቆማ ሐይቁን ከማየት በቀር ዕድል የላትም። ሥርዓቱ ይለወጥ የማለት ሥልጣን የለኝም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም 1281 የተጻፈው፣ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ሥዕል ያለበት ወንጌል በ1970ዎቹ በማይክሮፊልም ተነሥቶ ቅጂው ሚኔሶታ በሚገኘው የሂል ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። የዚያ ሥዕል ጥሩ ኅትመት ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ሴቱም ወንዱም በሚያየው ቦታ ከነማብራሪያው ቢሰቀል ምን ይከለክላል? አሜሪካ የተቀመጠ ተመራማሪ የሚያየውን የአካባቢው የተሁለደሬ ወረዳ ተማሪ ሊያየው ይገባል።

ሌላው የሚቆጨኝ የቀኑ ጉዳይ ነው። ግሸን ማርያም መስከረም 21 የሚመጣውን ሰው አትችለውም፤ በአውቶቡስ፣ በእግር፣ በማኅበር ይኬዳል። ያ ጉዞ ይኑር፣ የሚያምረውም በብዛቱ ነው። በተራ ቀን ግን የደሴና የኮምቦልቻ ወጣት ሐይቅ ከተማ ድረስ ሄዶ ዓሣ በልቶ ይመለሳል እንጂ ገዳሙ ድረስ አይዘልቅም። ሞተር ያለው ሁሉ ለሥራ ብቻ ይነዳዋል። የማይሶሩ የእሑድ ልማድ ይህንን ቢያስተምረን ደስ ይለኛል፤ ስለት ሳይኖር፣ በዓል ሳይደርስ፣ ቀስ ብሎ ለማየትና ለመጠየቅ መሄድ።

ለመሄድ ያሰበ ወንድም ነጠላ ይያዝ፣ የራስ ቁር ያድርግ፣ ከክረምት ውጭ ይምረጥ። ኅዳር 26 የአባ ኢየሱስ ሞዐ በዓል ስለሆነ ከአባቶች ጋር ተቀምጦ መጨዋወት የፈለገ ሌላ ቀን ቢሄድ ይሻለዋል። በጠዋት ከወጣ እስከ ምሳ ሰዓት ደሴ ይመለሳል።