ነባሪቱና መጤዋ



በዚህ ዕትም ስለ ሁለት ድመቶች ብንጽፍ ቁም ነገር እንዳጣን አይቆጠርብን። ነገሩ መምህራን ነን የምንለውን እኛን መልሶ ስላስተማረን ነው።

እዚህ አያሃ ሁለት ክፍል ባላት ቆርቆሮ ቤታችን ቡሬ የምትባል ድመት አለች። ከሦስታችንም ቀድማ የገባች ስለ ሆነች የቤቱ ባለቤት እርስዋ ናት ቢባል ሐሰት አይደለም። ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እናት ከትንሽ ልጅዋ ጋር ማደሪያ አጥታ መጣች። የውስጠኛውን ክፍል ለቀቅንላቸው። ማታ ልጅቱ ከነጠላዋ ሥር ጥቁር ድመት አወጣች። መንገዱን ሁሉ አቅፋት መጥታለች። ስምዋ ከሰል ነው።

የመጀመሪያው ጥፋት የእኛ ነው። «ይተዋወቁ» ብለን ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀመጥናቸው። ተናከሱ፤ ልጅቱም ልትገላግል ስትገባ እጅዋ ተቧጨረ። ከእኛ አንዱ «መጤዋ ትውጣ» አለ። ልጅቱ በማግሥቱ እህል አልቀመሰችም፤ እናትየዋም ጓዝዋን ትጠቀልል ጀመር። «ጋሼ፣ ጣጣ ከምንሆንባችሁ ብንሄድ ይሻላል» አለች። ወዴት እንደምትሄድ ግን እርስዋም አታውቅ፣ እኛም አናውቅ።

ይህን የሰሙት «ኤዶ» የምንላቸው ሶማሌ ጎረቤታችን ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በአውሮፕላንና በመድፍ ሲደበድብ ሸሽተው፣ በአገራችን በሐርትሼክ መጠለያ ዓመታት የኖሩ ሴት ናቸው። «እኛንም በመጀመሪያው ቀን ማንም አላቀፈንም» አሉን። «በቦቴ የሚመጣውን ውሃ ስንሰለፍ መተያየት መጣ፤ ቀጥሎ ሰላምታ፤ ሻዩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እናንተ በአንድ ሌሊት ትፈልጋላችሁ?»

ያን ጊዜ ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ የቀሰምነው ትዝ አለን፤ ትምህርት የሚሄደው ከሚታወቀው ወደማይታወቀው ነው። ድመት ደግሞ ወዳጅዋን የምታውቀው ከዓይን ይልቅ በሽታ ነው። ስለዚህ የመካከሉን በር ዘጋን። ለየራሳቸው የምግብ ሳሕን፣ የውሃ ጣሳና አሸዋ የሞላ ሣጥን አዘጋጀን። የአንዲቱን ጉንጭ በጨርቅ አሽተን ጨርቁን ከሌላዪቱ መኝታ አኖርን። ከዚያም ለሁለቱም የፍየል ሳምባ ከበሩ ወዲህና ወዲያ እየሰጠን፣ ሳሕኖቹን በየቀኑ ወደ በሩ አስጠጋን። የፓቭሎቭ ውሻ ደወሉን ከምግብ ጋር እንዳያያዘ ሁሉ፣ የባዕድዋም ሽታ ከሳምባው ጋር ይያያዝ ብለን ነው።

በሦስተኛው ሳምንት በሩን አንድ ስንዝር ከፈትን። ፍፍ ተባባሉ። አልመታንም፤ አልተቆጣንም። ጆሮአቸው ወደ ኋላ ሲተኛና ጅራታቸው ሲነፋ ብቻ በሩን መለስን። አንድ ቀን ቸኩለን ብንከፍተው እንደገና ተቧጨሩ፤ ወደ ጨርቁ ተመለስን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

የልጅቱ ሥራ መዝገብ መያዝ ሆነ። ያለ ጠብ ላለፈው ቀን ሁሉ ግድግዳው ላይ በከሰል አንድ መስመር ታሰምራለች። በዚሁ ቁጥር ተማረች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናዘዝ አናልፍም፤ የድመትዋን ስም በመጀመሪያው ማታ ጠይቀን ሳለ፣ የልጅቱን ስም የጠየቅነው በአራተኛው ቀን ነው።

አሁን ድመቶቹ ተፋቅረዋል ብለን አናጋንንም። ድመት መንኩሳ ዓመልዋን አትረሳም፤ ቡሬ ዛሬም ሳሕንዋን አታካፍልም። ነገር ግን ማታ ማታ በአንድ ጆንያ ላይ ጀርባና ጀርባ ሆነው ይተኛሉ። ጓዙም ተፈቷል። መስመሮቹ ሠላሳ ስምንት በሆኑበት ጧት ልጅቱ ወደ እኛ ክፍል ገብታ «ጋሼ፣ ግድግዳው ሞላ፤ አሁን የት ልጻፍ?» አለችን። የራሳችንን ግድግዳ ሰጠናት።

እስከሚቀጥለው ዕትም ቸር ያሰንብተን።