የዜሮዋ የዘር ሐረግ

የመሥሪያ ቤታችን የደንበኞች መመዝገቢያ ፕሮግራም ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ የተጻፈ ነው። ሽማግሌ ነውና ማንም አይደፍረውም። ሰሞኑን ግን የሰው ስም እየቆረጠ ስላስቸገረ፣ ጽሑፍ የሚያስተናግዱ ፋንክሽኖች የታጨቁበት ሌላ ላይብረሪ እንድጭንለት ታዘዝኩ። ኮዱን አወረድኩ፤ «ሜክ» ብዬ ኮምፓይል አደረግኩት፤ «ሜክ ኢንስቶል» ብዬ ጫንኩት። (ሜክን በ1976 እ.ኤ.አ. ቤል ላብስ ውስጥ የጻፈው ስቱዋርት ፌልድማን የትእዛዝ መስመር ሁሉ በታብ እንዲጀምር ደነገገ። በታብ ፈንታ ባዶ ቦታ ቢደረደር ዓይን ልዩነቱን አያይም፤ ሜክ ግን አይቶ ይቆጣል።)

ፕሮግራሙን ሳስነሳው «ፋይሉ የለም» አለኝ። ፋይሉ አለ፤ እያየሁት ነው። ሊነክስ ግን ላይብረሪ ሲፈልግ የሚያገላብጠው መዝገብ አለው፤ «ኤልዲኮንፊግ» የሚባለው ትእዛዝ መዝገቡ ላይ እስኪያሰፍረው ድረስ እዚያው ቁጭ ብሎም የለም። አስመዘገብኩት፤ ተገኘ።

የገረመኝ ሌላ ነው። የላይብረሪውን ኮድ ገልጬ ሳየው ትልቁ ብልሃቱ የጽሑፉን ርዝመት ከፊት ለፊት በቁጥር መያዙ ብቻ ሆነ። ይህማ ማርቲን ሪቻርድስ በ1960ዎቹ በቀረጸው ቢሲፒኤል በተባለው የሲ አያት ቤት ያለ ነገር ነበር! የመጀመሪያው ባይት ርዝመቱን ይናገራል፤ ፊደሎቹ ይከተላሉ። ታዲያ ማን አጠፋው?

ኬን ቶምፕሰን ነው። ቢሲፒኤልን አሳጥሮ ቢ የሚባል ቋንቋ ሲሠራ ቁጥሩን አንስቶ መጨረሻው ላይ ምልክት ተከለ። ዴኒስ ሪቺ ቢን ወደ ሲ ሲያሳድግ ያ ምልክት ዜሮ ሆነ። ሪቺ በኋላ ምክንያቱን ሲጽፍ፣ አንደኛ አንድ ባይት ላይ የሚጻፍ ቁጥር የጽሑፉን ርዝመት ይገድባል፤ ሁለተኛ ቁጥሩን ሁልጊዜ ከማስተካከል ምልክት መትከል ይቀላል ብሏል። ምክንያቱ አያስነቅፍም። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ሲ የጽሑፍን ርዝመት ሲጠየቅ፣ የታክሲ ሰልፍ መጨረሻ ፍለጋ ከፊት ጀምሮ እንደሚሄድ ሰው አንድ በአንድ እያለፈ ዜሮዋን ይፈልጋል። ዜሮዋ ከጠፋችማ የሚያቆመው የለም፤ የጎረቤት ሜሞሪ ውስጥ ሰተት ብሎ ይገባል።

ጌትስ የተባለው ፋንክሽን ደግሞ የሚመጣለትን ጽሑፍ ስፋቱን ሳይጠይቅ የሚቀበል ነበር። በኅዳር 1988 እ.ኤ.አ. ሮበርት ሞሪስ የተባለ የኮርኔል ተማሪ 512 ባይት ብቻ በሚይዝ ቦታ 536 ባይት አፈሰሰበትና፣ የለቀቀው ትል በኢንተርኔት ተዛመተ። (አባትየው ራሳቸው ሲ በተወለደበት ቤል ላብስ ውስጥ ዩኒክስ ላይ የሠሩ ሰው ነበሩ፤ ነገሩ የቤተሰብ ጉዳይ ነበር ማለት ይቻላል።) ጌትስ ከሲ ደንብ የተሰረዘው በ2011 ነው። የኦፕንቢኤስዲ ሰዎች በ1998 ቦታው የሚችለውን ያህል ብቻ የሚገለብጥ፣ ዜሮዋንም የማይረሳ ስትርኤልኮፒ የሚባል ፋንክሽን ሠርተው ነበር። የሊነክሱ የሲ ላይብረሪ ጂሊብሲ ግን ለዓመታት አሻፈረኝ ሲል ቆይቶ በ2023 ተቀበለው። ሃያ አምስት ዓመት! ልጅ ተወልዶ ይመረቃል።

ዜሮዋ ለእኛ ፊደል ልዩ ጠላት ልትሆንም ነበር። በዩኒኮድ የሀ ቁጥር 4608 ነው፤ ሁለት ባይት ላይ ሲጻፍ 18 እና 0 ይሆናል። ጀም እንደዚሁ 19 እና 0 ነው። የኢንቴል ኮምፒውተር ዝቅተኛውን ባይት ስለሚያስቀድም፣ የሲ ነባር ፋንክሽኖች በሁለት ባይት የተጻፈውን «ሀገር» ቢለኩት ርዝመቱ ዜሮ፣ «ጀግና»ም ዜሮ ይሉን ነበር። ያዳነን ዩቲኤፍ-8 ነው፤ በውስጡ የዜሮ ባይት ለሌላ ፊደል አትውልም። ፈጣሪዎቹ ሮብ ፓይክና ያው ኬን ቶምፕሰን ናቸው፤ በ1992 ኒው ጀርሲ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ በተነጠፈ ወረቀት ነደፉት። ለዜሮዋ መንገድ የጠረገው ሰው ከዜሮዋ ጠበቀን።

ጥበቃው ዋጋ አለው፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይበላል። የእኛ ፕሮግራም ለስም የመደበው፣ ዜሮዋን ሳይጨምር፣ 20 ባይት ነው። «ገብረመድኅን» 21 ይፈልጋል። ስለዚህ ን ሁለት ሦስተኛዋ ገብቶ አንድ ሦስተኛዋ ደጅ ይቀራል፤ ደንበኛው ደረሰኙ ላይ «ገብረመድኅ» የሚለውን ከአንድ የጥያቄ ምልክት ጋር ያገኛል። አዲሱ ላይብረሪም ርዝመት በባይት እንጂ በፊደል አይቆጥርም፤ ስለዚህ ወደ ኋላ እየተመለሰ የፊደሉን መነሻ ባይት የሚፈልግ ፋንክሽን ራሴ ጨመርኩበት።

ለአለቃዬ ይህን ሁሉ አስረዳሁት። በትዕግሥት አዳመጠኝና «ታዲያ ሃያውን ሠላሳ ብታደርገውስ?» አለ። አደረግኩት። ቀጥሎ የመጣው ደንበኛ ኃይለጊዮርጊስ ወልደሚካኤል ይባላል።