የእቁቡ ኮምፒውተር

ዛሬ የምጽፍላችሁ ቤታችንን ሁለት ወር ሙሉ ስላከራከረ ነገር ነው። ነገሩ የጌም ኮምፒውተር ነው። «ጌም ጊዜ ይበላል» የምትሉ መምህራን እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እማዬም እንደዛ ነው የምትለው። ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ ጽሑፉ ስለ ገንዘብ አወጣጥም ነው።

ታላቅ ወንድሜ ሞባይል ጥገና ይሠራል። ዓመት ሙሉ እቁብ ሲጥል ቆይቶ መስከረም ላይ ደረሰው። ቫሎራንትና ካውንተር ስትራይክ የሚባሉ የውድድር ጌሞች ይወዳል፤ እስከዛሬ ጌም ቤት በሰዓት እየከፈለ ነበር የሚጫወተው። አሁን የራሱን ኮምፒውተር በዕቃ በዕቃ ገዝቶ ሊገጣጥም አሰበ። ግማሹን ዕቃ ለገና ከዱባይ የምትመጣው አክስታችን ታመጣለች፣ ግማሹ ከዚህ ይገዛል። ችግሩ እቁብ አንዴ ነው የሚደርሰው። ከዱባይ የመጣ ዕቃ ደግሞ አልገጥም ቢል ማን ይመልሰዋል? ስለዚህ እኔ ደብተር ይዤ ዝርዝሩን መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ «አንቺ ምን አገባሽ?» ብሎኝ ነበር። በኋላ ግን ሁሌ «ደብተርሽን አምጪ» ማለት ጀመረ።

የመጀመሪያው ክርክር ስለ መብራት ነበር። ወንድሜ መርካቶ ሄዶ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ውስጡ ቀይና ሰማያዊ የሚያበራ ኬዝ አይቶ ልቡ እዛው ቀረ። እሱን ከገዛ የሞኒተሩ ብር ይቀንሳል፣ ተራ የ60 ሄርዝ ሞኒተር ይሆናል ማለት ነው። እኔም ሒሳብ ሠራሁ። የ60 ሄርዝ ሞኒተር በሰከንድ 60 ሥዕል ያሳያል። 1000 ሚሊ ሰከንድን ለ60 ስናካፍል አንዱ ሥዕል ወደ 17 ሚሊ ሰከንድ ይቆያል። በ144 ሄርዝ ግን 7 ገደማ ነው። በእነዚህ ጌሞች ከጥግ ብቅ ያለውን ቀድሞ ያየ ነው ቀድሞ የሚተኩሰው። ኮምፒውተሩ በሰከንድ 200 ሥዕል ቢሠራም ሞኒተሩ 60 ብቻ ካሳየ የቀረውን ሥዕል ሙሉ ለሙሉ አታየውም። «ስትጫወት የምታየው ሞኒተሩን እንጂ ኬዙን አይደለም» አልኩት። አኮረፈ፤ በማግስቱ ግን ተራ ጥቁር ኬዝና ባለ 144 ሄርዝ ሞኒተር ጻፊ አለኝ።

ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ ብዙ አላጣሉንም። የውድድር ጌሞች ብዙ ሰው እንዲጫወታቸው ስለተሠሩ በጣም ውድ ካርድ አይፈልጉም፤ ፈጣን ፕሮሰሰር ግን ይፈልጋሉ። ስለዚህ ራይዘን 5 5600 ተመረጠ። ስድስት ኮር አለው፣ ማቀዝቀዣውም አብሮት በካርቶኑ ይመጣል። ካርዱ ራዲዮን አርኤክስ 6600 ሆነ። ማዘርቦርዱ ግን ኤኤም4 የሚባለው ሶኬት ያለው መሆን አለበት፣ ራሙም ዲዲአር4። ሌላ ከሆነ ጭራሽ አይገባም። ራሙን ባለ 16 አንድ ከመግዛት ባለ 8 ጊጋባይት ሁለት ይሻላል። ለምን መሰላችሁ? ፕሮሰሰሩ ከሁለቱም በአንዴ ያነባል። ደወል ሲደወል አንድ በር ካለው ክፍልና ሁለት በር ካለው ክፍል ተማሪ ቶሎ የሚወጣው ከየትኛው ነው? እንደዛ ነው።

ትልቁ ጸብ የመጣው በፓወር ሰፕላይ ነው። ወንድሜ «እሱ የኤሌክትሪክ ሳጥን ነው፣ ከኬዙ ጋር በነፃ የሚሰጡትን እንወስዳለን» አለ። እኔ ዋቱን ደመርኩ። ፕሮሰሰሩ 65፣ ካርዱ 132፣ ሁለቱ ብቻ 197 ዋት። ሌላውም ሲጨመር ደህና የ550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ከበቂ በላይ ነው። በነፃ የሚሰጠው ላይም ትልቅ ቁጥር ተጽፎበታል፣ ግን ሲያነሱት እንደ ባዶ ካርቶን ቀላል ነው። በዛ ላይ እኛ ሰፈር መብራት በቀን ስንቴ ሄዶ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ወንድሜ ግን እምቢ አለ። በመጨረሻ «በመናኛ ቻርጀር ተቃጥሎ ስንት ስልክ ይመጣልሃል?» ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለ። እሱ ራሱ ነው ለደንበኞቹ ሁሌ «ርካሽ ቻርጀር አትጠቀሙ» የሚለው። ከዛ ከኤስኤስዲው ላይ ቀነስን፤ 1 ቴራባይት የነበረው 500 ጊጋባይት ሆነ። የጌም ወንበርም ቀረ። የምግብ ጠረጴዛው ወንበር ምን አለው?

ለገና አክስቴ ፕሮሰሰሩን፣ ካርዱን፣ ራሙንና ኤስኤስዲውን በሹራብ ጠቅልላ ይዛ መጣች። ወንድሜ ማታውን ገጣጠመና አበራው። ማቀዝቀዣው ይዞራል፣ ሞኒተሩ ግን ጥቁር ነው። እማዬ «ወይኔ የልጄ እቁብ!» ብላ ራሷን ያዘች። ወንድሜ አላበውም። ደብተሬን ሳገላብጥ «ይህ ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ የለውም» የሚል ጽፌያለሁ። የሞኒተሩ ገመድ የተሰካው ማዘርቦርዱ ላይ ነበር። ነቅሎ ካርዱ ላይ ሲሰካው ብርሃን መጣ፣ አክስቴ እልል አለች። ከዛ ዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ገብተን 60 የነበረውን 144 አደረግነው። ይህን ሳያደርጉ በ60 የሚጫወቱ ብዙ ናቸው።

የእማዬ ሕግ እንዲህ ነው፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ ኮምፒውተሩ የጥናትና የሥራ ነው፣ ጌም ቅዳሜና እሁድ። ወንድሜ ቅር ቢለውም ተስማማ።

እናንተም ኮምፒውተር ለመግዛት ካሰባችሁ መጀመሪያ ምን ልትሠሩበት እንደሆነ ጻፉ፣ ቀጥሎ የማይታየውን ዕቃ ዋጋ አስቡ፣ መብራቱንና ቀለሙን መጨረሻ ላይ። ባለፈው ሳምንት እማዬ የኤሌክትሪክ ምድጃ ልትገዛ ስትወጣ «ነይ እስቲ ደብተርሽን ይዘሽ፣ ዋቱን ታይልኛለሽ» አለችኝ። ሄድኩ።