ሆድ መሙላትና መመገብ

ባለፈው ክረምት የዶሮ መኖ ከሰፈራችን ጠፋ። 7 ዶሮዎች አሉኝ፤ የሚጥሉት እንቁላል የ3 የልጅ ልጆቼ ቁርስ ነው። ባለ ሱቁ «እማማ፣ መኪናው አልገባም» እያለ በየሳምንቱ ይመልሰኝ ጀመር። እኔም ምን ቸገረኝ ብዬ በቆሎ አስከክቼ፣ ጠዋትና ማታ እስኪጠግቡ እበትንላቸው ነበር።

ሳምንታት ሳይቆይ እንቁላሉ ቀነሰ። ቀጥሎ አንደኛዋ ቅርፊት የሌለው፣ ስስ ሽፋን ብቻ ያለው እንቁላል ጣለች። ትንሿ የልጅ ልጄ በመዳፏ ይዛው መጥታ «እማማ፣ እንቁላሏ ታማለች» አለችኝ። ሌሎቹም እርስ በርስ ላባ መነቃቀል ጀምረው ነበር።

ያኔ ነው የደነገጥኩት። በጤና ጣቢያ ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት፣ እግሩ ያበጠ ልጅ አዝለው የሚመጡ እናቶችን «ገንፎ ብቻ ሆድ ይሞላል እንጂ አይመግብም» እያልኩ እቆጣ ነበር። እኔ ራሴ ለዶሮዎቼ ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በቆሎ ጉልበት ይሰጣል፤ እንቁላል ለመጣል ግን ፕሮቲን፣ ለቅርፊቱም ካልሲየም ያስፈልጋል።

ከዚያ ያለውን ማሰባሰብ ያዝኩ። በቆሎውን ከስንዴ ፉርሽካ ጋር ቀላቅዬ፣ ከዘይት መጭመቂያ ቤት የኑግ ፋጉሎ ገዝቼ ጨመርኩበት። ጎመን ስቀነጥስ የሚተርፈውን ቅጠል አሰርኩላቸው። የእንቁላል ቅርፊት አጥቤ፣ ምጣድ ላይ አድርቄና አድቅቄ ለብቻው በጣሳ አስቀመጥኩ። ካልደቀቀ መልኩን ይለዩና የራሳቸውን እንቁላል መብላት ይለምዳሉ። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ወደ ጓሮ ለቀቅኋቸው፤ ትሉንና ምስጡን ራሳቸው ጭረው አገኙ።

አንድ ነገር ግን እምቢ አልኩ። ጎረቤቴ «ለዶሮ ምን አለው?» ብላ የሻገተ በቆሎ በነጻ ልትሰጠኝ ነበር። ከሻጋታ የሚመጣው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ጉበት ይጎዳል፤ ወደ እንቁላሉም ሊያልፍ ይችላል፤ ቢቀቅሉትም አይጠፋም። ዶሮዋ የበላችው ዞሮ ልጁ ሳህን ላይ ይመጣል።

ውሎ አድሮ ቅርፊቱ ጠነከረ። ቁጥሩ እንደ ቀድሞው ባይመለስም በቀን 3፣ አንዳንዴም 4 እንቁላል አላጣሁም። ለልጆቹ በቃ።

የተቆጣኋቸው እናቶች ግን እስካሁን ፊቴ ላይ ይመጡብኛል። አብዛኞቹ ሳያውቁ ቀርተው አልነበረም፤ እጃቸው አጥሮ እንጂ። ዛሬ ቢሆን ከመቆጣቴ በፊት «እስቲ፣ ቤትሽ ምን አለ?» ብዬ እጠይቅ ነበር።