ጥርት ያለ ፎቶ በካኩማ፦ ከአሮጌ ካሜራ ጋር አንድ ቀን

በዚህ እትማችን ካኩማችንን ልናስጎበኛችሁ ነው። «ስንት ዓመት የኖርንበትን ሰፈር ደግሞ ምን ታስጎበኙናላችሁ?» እንደምትሉ እናውቃለን። የዛሬው ዙረታችን ግን በካሜራ መስኮት በኩል ነው፤ ያውም በአሮጌ ካሜራ።

አንዳንድ ቤት ውስጥ ሣጥን ቢከፈት፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ዲጂታል ካሜራ ይወጣል። ወደ ሦስተኛ አገር የሄደ ወንድም ወይም እህት ለራሱ አዲስ ሲገዛ አሮጌውን በሰው ልኮት ነው። እኛ ዘንድ ያሉት ሁለቱ እንደዚሁ የመጡ ናቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2004 ገበያ ላይ የዋለው ኒኮን ዲ70 ሲሆን ባለ 6 ሜጋፒክስል ነው። ሁለተኛው በ2005 የወጣው ካኖን 350ዲ፣ ባለ 8 ሜጋፒክስል። ልጆቹ ይስቁብናል። «የኔ ስልክ 50 ሜጋፒክስል ነው፤ ይሄን ድንጋይ ተሸክማችሁ ምን ትዞራላችሁ?» ይሉናል።

እንግዲህ ቁጥሩን እንየው። የዲ70 ፎቶ በወርዱ 3008፣ በቁመቱ 2000 ነጥብ አለው። ጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ይፈልጋል ቢባል እንኳ፣ ይህ ፎቶ 25 በ17 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ጥርት ብሎ ይታተማል። ግድግዳችን ላይ የምንለጥፈው ፎቶ አብዛኛውን ጊዜ 10 በ15 ነው። ስለዚህ ያለን ይበቃናል፣ ይተርፈናልም። ደግሞ የእነዚህ ካሜራዎች ብርሃን የሚቀበለው ገበታ ከ22 ሚሊ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ የስልኩ ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ፎቶ የሚደበዝዘው ካሜራው ስላረጀ ነው የሚለውን ወሬ እኛ አንቀበልም። የሚያደበዝዘው የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የቆሸሸ መስታወት፣ የተሳሳተ ፎከስና የካኩማ አየር ነው።

ይህን ያህል የምንደክመው ለምን መሰላችሁ? ካኩማ በሰሜን ምዕራብ ኬንያ፣ ቱርካና ምድር ላይ፣ ከሎድዋር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ ካምፕ ነው። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። መጀመሪያ ከሰፈሩበት መካከል በ1991 በአገራችን መንግሥት ሲለወጥ ከኢትዮጵያ ካምፖች የወጡት የደቡብ ሱዳን ልጆች ነበሩ። የእኛም ወገኖች በዚያው ዘመን መምጣት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ካኩማ 1፣ 2፣ 3፣ 4 እየተባለ ሰፋ፤ በ2016 ደግሞ ካሎቤየይ ተጨመረ። እዚህ ተወልደው እዚህ የወለዱ አሉ። አንዱ ቤተሰብ በሦስት አህጉር ተበትኗል። ሚኒያፖሊስ ያለች ልጅ እናቷን ለዓመታት በስልክ ድምፅ ብቻ ነው የምታውቃት። «እማዬ ፎቶ ላኪልኝ» ስትል የምትጠብቀው ጥላ አይደለም። የአንገቷን ንቅሳት፣ የነጠላዋን ጥለት፣ የፊቷን መስመር አንድ በአንድ ማየት ትፈልጋለች። ጥርት ያለ ፎቶ ለእንዲህ ያለ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

እሺ፣ እንነሣ። ፀሐይ እዚህ ዓመቱን ሙሉ በጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው የምትወጣው። (የሰዓት አቆጣጠር ላይ ከስዋሂሊ ተናጋሪዎቹ ጋር እንዴት እንደምንስማማ! እነሱም እንደኛ ከንጋት ነው የሚቆጥሩት።) ከዚያ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ የቀኑ ምርጥ ነው። ታራች ወንዝ ዳር እንውረድ። ወንዝ እንበለው እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ግራሮቹ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ብርሃኑ ከጎን ስለሚመጣ የአሸዋው እያንዳንዱ እጥፋት፣ የግራሩ እሾህ ሳይቀር ለየብቻው ይታያል። አየሩ ገና አልሞቀም፤ ማዶ ያለው ሰው ጥርት ብሎ ይነሣል።

ይህንኑ ቦታ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ብትሞክሩት ሌላ ነው። መሬቱ ግሎ ከላዩ ያለው አየር ይንቀለቀላል። ከሩቅ ውኃ የተኛ የሚመስለው ያ ነው። ማዶ ያለው ሰው እግሩ የቀለጠ ይመስላል። በዚያ ሰዓት ውድ ሌንስም ቢሆን አያድናችሁም፤ የሚታጠፈው አየሩ ነዋ! ያለው መፍትሔ ጠጋ ማለት ነው። በአምስት ስድስት ሜትር ርቀት ላይ የሙቀቱ ሞገድ ብዙም አይጎዳም። የሩቁን ለነገ ጠዋት አቆዩት።

ከወንዙ ወደ ካኩማ 1፣ ወደ ሐበሻው ገበያ እንሂድ። ቡና ይቆላል፣ ቆርቆሮ ይንኳኳል፣ ሞተር ሳይክል አቧራውን እያስነሣ ያልፋል። እዚህ የካሜራ ዋናው ጠላት አቧራ ነው። ገበያ መሃል ሌንስ አይፈታም። መቀየር ግድ ከሆነ ቤት ውስጥ ገብታችሁ፣ ካሜራውን አጥፍታችሁ፣ አፉን ወደ መሬት ደፍታችሁ ቶሎ ቀይሩ። አቧራ ገብቶ እንደሆነ ለማወቅ ሌንሱን ኤፍ 16 ላይ አድርጉና ባዶ ሰማይ አንሡ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ ገብቷል። በአፍ እፍ ማለት ምራቅ ያስገባል፤ ተዉት። ፋርማሲ የሚሸጠው የጆሮ ማጠቢያ ጎማ ደረቅ ከሆነ ጥሩ መንፊያ ነው። የሌንሱን ፊት ስትጠርጉም መጀመሪያ በጎማው ንፉ፤ አሸዋው ላዩ ላይ እያለ በጨርቅ ብታሹት መስታወቱን ትሞርዱታላችሁ። ከዚያ ብዙ ጊዜ የታጠበ ለስላሳ ጥጥ ይበቃል። የጣት ቅባት ያለበት ሌንስ ሁሉን ነገር ጭጋግ ያለብሰዋል፤ ካሜራቸው የሞተ የመሰላቸው ሰዎች ጠርገው ብቻ ሲድንላቸው አይተናል።

ገበያ ውስጥ ሁሉም ይንቀሳቀሳል። በእነዚህ አሮጌ ሌንሶች ላይ መንቀጥቀጥ የሚቀንስ መሣሪያ የለም፤ መሣሪያው እጃችሁ ነው። ክርናችሁን ከጎድናችሁ ጋር አጣብቁ፣ ግድግዳ ወይም ምሰሶ ተደገፉ፣ ትንፋሽ አውጥታችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑ። የፍጥነቱ ስሌት ቀላል ነው፦ የሌንሱን ሚሊ ሜትር በኒኮን በ1.5፣ በካኖን በ1.6 አባዙት። 50 ሚሊ ሜትር በካኖን 80 ይሆናል፤ ስለዚህ ፍጥነቱ ከ1/80 ሰከንድ አይውረድ። ይህ ለቆመ ሰው ነው። ለሚሮጥ ሕፃን 1/500ም አይበዛም። ብርሃን ካነሰ አይ.ኤስ.ኦውን ወደ 800 ከፍ አድርጉት። ሥዕሉ ትንሽ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል፤ ይምሰል። አሸዋ ያለበት ግን ጥርት ያለ ፎቶ፣ ንጹሕ ሆኖ ከተንቀጠቀጠው ይሻላል፤ የተንቀጠቀጠን የሚያስተካክል የለም።

ሌንሱን እስከ መጨረሻው መክፈትም አይበጅም። ያቺ ርካሿ የካኖን 50 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ 1.8 ላይ ለስለስ ትላለች፤ ኤፍ 4 ወይም 5.6 ላይ ግን ከብዙ ውድ ሌንስ አታንስም። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18-55 ደግሞ ኤፍ 8 ላይ ነው ደህና የሚሆነው። «ሁሉም እንዲጠራ» ብላችሁ ኤፍ 22 ድረስ ብትዘጉት ብርሃኑ በጠባቡ ቀዳዳ ስለሚበተን ተመልሶ ይደበዝዛል።

ወደ ቀትሩ እንምጣ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የሰው ዓይን ጉድጓድ ይሆናል፣ ጥቁር ፊት ደግሞ ግማሹ ይጠፋል። በዚህ ሰዓት እኛ ቤት እንገባለን። የጭቃ ጡብ ቤቶቻችን አንድ በርና ጠባብ መስኮት ነው ያላቸው፤ ይሄ ለፎቶ በረከት ነው። እማማን ከደፉ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀምጧቸው፤ ፊታቸው ወደ ውጭ ይሁን። ፀሐይዋ ራሷ አትነካቸውም፤ ደጅ ያለው ነጭ አሸዋ ብርሃኑን ወደ ላይ እየመለሰ ፊታቸውን ይሞላዋል። ኋላቸው ጨለማ ስለሆነ ፊታቸው ብቻ ይወጣል። አይ.ኤስ.ኦ 400፣ ኤፍ 4፣ 1/125 ሰከንድ፤ ከዚህ ተነሡና እያያችሁ አስተካክሉ። ፍላሹን ዝጉት።

ፎከሱ የቀረበው ዓይናቸው ላይ ይሁን። ካሜራው ራሱ ነጥብ እንዲመርጥ ከፈቀዳችሁለት የነጠላውን ጥለት ወይም የወንበሩን ጠርዝ ይመርጣል። የመሃሉን ነጥብ ብቻ ምረጡ፣ ዓይን ላይ አድርጉ፣ ቁልፉን በግማሽ ተጭናችሁ ያዙና ፍሬሙን አስተካክሉ። እማማን ቶሎ ቶሎ አታጣድፏቸው። ሦስት አራት ጊዜ አንሡ፤ የመጀመሪያው ላይ ሁሉም ሰው ለመታወቂያ እንደሚነሣ ነው የሚደርቀው። ቡናው እየተቀዳ ስለ ልጃቸው ጠይቋቸው፣ ከዚያ አንሡ።

ዓይን ላይ አድርጋችሁም ጆሮ እየጠራ ካስቸገረ ካሜራውና ሌንሱ አልተግባቡም ማለት ነው። ፈትኑት። ይህችኑ ጋዜጣችንን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና ከፊት ለፊት በሰያፍ እያያችሁ፣ አንድ መስመር ላይ ፎከስ አድርጋችሁ አንሡ። ከመረጣችሁት መስመር ይልቅ የፊቱ ወይም የኋላው ከጠራ ችግሩ ያ ነው። በነዚህ ካሜራዎች ላይ ይህን የሚያስተካክል ማውጫ የለም። ስለዚህ ወይ ኤፍ 8 ላይ አንሡ፣ ወይ ሌላ ሌንስ ሞክሩ፣ ወይ በእጅ እያዞራችሁ ፎከስ አድርጉ። በእጅ ከሆነ ከዓይን መስኮቱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ መዘውር አስቀድማችሁ ለዓይናችሁ ልክ አድርጉ። አንድ ካሜራ ለአምስት ሰው በሚዞርበት ሰፈር መዘውሯን ሁሌ የሆነ ሰው ነክቷታል።

ለቤተሰብ ፎቶ ማቆሚያ እግር የለንም ብላችሁ አትጨነቁ። ውኃ የሞላ ጄሪካን፣ ከላዩ አሸዋ የተሞላ ትንሽ ከረጢት፣ ከረጢቱ ላይ ካሜራው። የ10 ሰከንዱን ራስ ማንሻ ተጭናችሁ ሮጣችሁ ተቀላቀሉ። እጅ ስላልነካው አይንቀጠቀጥም፤ አንሺውም ከቤተሰቡ አይጎድልም።

አሁን አንድ ከበድ ያለ ነገር። ጥርት ያለ ፎቶ ሁሉን ያሳያል፤ ማሳየት የማንፈልገውንም። ግድግዳ ላይ የተሰካ የእህል ካርድ ቁጥር፣ የብሎክና የቤት ቁጥር፣ ኋላ የተቀመጠ ጎረቤት ፊት፣ ሁሉም ይነበባል። እዚህ የመጣነው ሁላችንም ከአንድ ነገር ሸሽተን ነው፤ እንዳይገኝ የሚፈልግ ሰው ደግሞ በመካከላችን አለ። ስለዚህ ሳትጠይቁ አታንሡ። የቱርካና እናቶችንም ቢሆን ጨሌያቸው አማረ ብላችሁ ከሩቅ አትስረቁ፤ ጠይቁ፣ ካነሣችሁም አሳዩአቸው። ፖሊስ ጣቢያ፣ መመዝገቢያ ቢሮና እህል ማከፋፈያ አካባቢ ፈቃድ ሳይኖር ካሜራ አይወጣም። ያ አሮጌው ካሜራ አንድ የሚበልጥበት ነገር ይኼ ነው፤ ዲ70ም ሆነ 350ዲ የት ቦታ እንደተነሣ በራሳቸው ፎቶው ላይ አይመዘግቡም። ስልክ ግን ካልዘጋችሁት ቦታውን ሊጽፍ ይችላል።

ምሽት ላይ የተነሣውን ስትልኩ ሌላ ጣጣ አለ። ቀኑን ሙሉ የለፋችሁበትን ፎቶ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት መተግበሪያው አሳንሶ ይጨምቀዋል፤ ንቅሳቱም ጥለቱም መንገድ ላይ ይቀራል። እንደ ፋይል ላኩት። ኮምፒዩተር ያለው ሰው ካገኛችሁ ጊምፕ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ፎቶውን ያስተካክላል፤ ማጥራቱን ግን መጨረሻ ላይ፣ መጠኑን ከወሰናችሁ በኋላ አድርጉት፤ ከበዛ ፊቱ እንደ ድንጋይ ይሻክራል። ባትሪ ከጄኔሬተር ወይም ከሶላር ባለቤት ዘንድ ስታስሞሉ ደግሞ ፀሐይ ላይ እንዳይቀር ተከታተሉ፤ ያረጀ ባትሪን ሙቀት ይጨርሰዋል።

የፔሌኬችን ተራሮች ማንሣት የምትፈልጉ ዝናብ ጠብቁ። ዝናብ አቧራውን ባጠበ ማግስት፣ በጠዋቱ፣ የተራሮቹ ሸለቆዎች ከካምፑ ሆናችሁ ይቆጠራሉ። ያን ዕለት ግን ታራች ውኃ ይዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ፎቶውን ከወዲህኛው ዳር ሆናችሁ አንሡት፤ ልጆቹንም ወደ ወንዙ አታስጠጉ።