ሐበሻ ሁሉ ሯጭ ነው ያለው ማነው?

አሜሪካ፣ ኦሪገን ውስጥ «ሁድ ቱ ኮስት» የሚባል የቅብብል ሩጫ አለ። በ1982 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ነው። ከሁድ ተራራ እስከ ፓሲፊክ ዳርቻ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል፤ ለካንሰር ሕሙማንም ገንዘብ ይሰበሰብበታል። 36ቱን ዙር ለ12 ተካፈልነው፤ ሦስት ሦስት ደረሰን።

ሐበሻ በመሆኔ ብቻ «አንተማ ትበራለህ!» አሉኝ። ኧረ እኔ ታክሲ ለመሻማት ካልሆነ መች ሮጬ አውቃለሁ!

ሌሊት ባትሪ ይዤ ስሮጥ ጉልበቴ ከዳኝ። የጎተተኝ ብርድ ላይ ቆሞ የሚጠብቀኝ ተረኛ ነው። ለካ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው ወዶ አይደለም!

ወዳጆቼ፣ ዕድሉ ከገጠማችሁ ደረቅ ካልሲ በርከት አድርጋችሁ ያዙ። ቁልቁለቱንም አትናቁት፤ ጉልበት የሚጨርሰው እሱ ነው።